የነቃ ምድጃ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን አጠገብ አክስቴ ቤት አድሬ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ጭስ ቀሰቀሰኝ። ማድ ቤት ስገባ አክስቴ ከምርጥ ምድጃዋ ፊት ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ጭሱ መውጣት የነበረበት ከኋላ፣ በድስት ማስቀመጫው በኩል ነው። እሱ ግን ሁለቱ ግድግዳዎች በሚጋጠሙበት፣ ጣት በሚያስገባ ክፍተት ይትጎለጎላል። አክንባሎውን ስታነሳ እንጀራው በአንድ ወገን ዓይኑን አውጥቶ አምሮበታል፤ ክፍተቱ ባለበት ወገን ግን ገርጥቶ፣ ጠርዙም ሳይበስል ቀርቷል።

ረፋድ ላይ ምድጃ ሠሪዋ መጣች። ዞር ዞር ብላ አየችና «እትዬ፣ ይሄ እኮ ዐሥር ዓመት አገልግሎዎታል። ጊዜውን ጨርሷል፤ አዲስ ይግዙ» አለቻት። አክስቴ አልተዋጠላትም። «ልጄ፣ ግድግዳው ነቃ ተብሎ ቤት ይፈርሳል? ጭቃና ጭድ መች ጠፋ!» አለች። ሁለቱም ከልባቸው ነበር የተናገሩት። ሠሪዋ ዕቃ ለመሸጥ ብቻ አልተናገረችም፤ ጭሱን አይታለች። አክስቴም ከገንዘብ ፍቅር አልተናገረችም፤ ዐሥር ዓመት ያበሰለላትን ዕቃ ታውቀዋለች። ይህን ክርክር በብዙ ቤት ሰምቼዋለሁ። ለአንዱ ወገን ከመፍረዴ በፊት ሁለቱንም በእርጋታ መመዘን ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። ምርጥ ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ አገር ውስጥ እንጀራ ለመጋገር ታስቦ የተሠራ የማገዶ ምድጃ ነው። ሲሚንቶ ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ ጋር ይቦካና በቅርፅ ማውጫ ይፈስሳል። አራት ክፋይ ግድግዳዎች ተጋጥመው ክብ ይሠራሉ፤ ከኋላ የድስት ማስቀመጫው ይገጠማል፤ ምጣዱ ከላይ ይጣዳል። ማገዶው ከፊት ባለው አፍ ይገባል። ነበልባሉ ከምጣዱ ሥር ተሰብስቦ ይሠራል፤ የተረፈው ሙቀት ከጭሱ ጋር ወደ ኋላ ሲወጣ ደግሞ ወጥ ወይም ውሃ ያሞቃል። በሶስት ጉልቻ ላይ ነፋስ የሚወስደውን እሳት ይህ ምድጃ የሚያተርፈው ዙሪያው ስለተዘጋ ነው። ስለዚህ አንድ ስንጥቅ እንደ ውበት ጉድለት ብቻ ሊታይ አይችልም፤ ምድጃው የተሠራበትን ዓላማ ይነካል።

ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ። ከገጠር ቤት የማገዶ ፍጆታ ግማሽ ያህሉ ለእንጀራ ጋገራ እንደሚውል ይገመታል። ምርጥ ምድጃ ከሶስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል ተብሎ ሲነገርለት ቆይቷል። በተጠቃሚዎች ቤት የተካሄደ የጋገራ ሙከራ ግን ቁጠባው ከ22 እስከ 31 በመቶ እንደሆነ አሳይቷል። ልዩነቱ ከብዙ ምክንያት ሊመጣ ይችላል፦ ከማገዶው እርጥበት፣ ከአቀጣጠል፣ ከአለካክ ዘዴ፣ ከምድጃው አገጣጠምም። ሁሉንም በስንጥቅ ማመካኘት ስህተት ይሆናል። ሆኖም በቤት ውስጥ የሚገኘው ጥቅም አብዛኛውን ጊዜ ከተባለው እንደሚያንስ፣ ምድጃው ሲላላ ደግሞ ይበልጥ ሊያንስ እንደሚችል ለማሰብ በቂ ምክንያት አለ።

አሁን ወደ መጠገን ወገን ልሂድ። የዚህ ወገን የመጀመሪያው ክርክር ዐቅም ነው። ጭቃ፣ የጤፍ ጭድ፣ እበትና አመድ በአብዛኛው ገጠር ቤት ደጃፍ ላይ ይገኛሉ፤ የሚከፈልባቸው በጉልበትና በጊዜ ነው። አዲስ ምድጃ ግን ጥሬ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እህል ሲሸጥ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሚንቶ ጠፍቶ ዋጋው ሲያሻቅብ ያየ ሰው፣ በሲሚንቶ የሚሠራ ዕቃ በፈለጉት ጊዜና ዋጋ ላይገኝ እንደሚችል ያውቃል። ሁለተኛው ክርክር ሙያ ነው። ቤት የሚመርጉና የሚለስኑ፣ ምጣድና ጎተራ የሚሠሩ እጆች ምድጃ መጠገን አያቅታቸውም። ሦስተኛው ከዕቃው አሠራር የሚመነጭ ነው፦ ምድጃው በክፋይ የተሠራ ስለሆነ አንዱ ክፋይ ሲጎዳ ሌሎቹን መጣል የግድ አይደለም። እነዚህ ሦስቱም ጠንካራ ነጥቦች ናቸው።

ይህን ካልኩ በኋላ የጥገናውን ድካምም መናገር ይገባኛል። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ እሳት ሲነካው ደግሞ ከሲሚንቶው እኩል አይለጠጥም። ጥላሸት በለበሰ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጭቃ ከጥቂት ጋገራ በኋላ ተልጦ አመድ ውስጥ ይወድቃል። አክስቴ ራሷ በዚያ ዓመት ያንኑ ቦታ ደጋግማ እንደመረገችው አልደበቀችም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በጭቃ ላይ ጭቃ ሲደራረብ ነው። የእሳቱ ቦታ ይጠባል፤ አየር ያንሳል፤ ማገዶው ከመንደድ ይልቅ ይጨሳል። እንዲህ ሲሆን ጭስ ለመዝጋት የተደረገው ጥገና ራሱ ጭስ ያመጣል።

«እንግዲያው በጭቃ ፈንታ በሲሚንቶ እንድፈነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የረጋ ሲሚንቶ ሙቀቱ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ በውስጡ የያዘውን ውሃ እየለቀቀ ይላላል። ከእሳቱ አፍ አጠገብ ያለው የውስጥ ግድግዳ በየጊዜው እየተሸረፈ የሚሄድበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። እንዲህ የላላ ግድግዳ ላይ አዲስ የሲሚንቶ ልጥፍ ቢደረግ የሚይዘው አሮጌውን ልጣጭ ነው፤ ልጣጩ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። በዚያ ላይ ሲሚንቶ ውሃ እየጠጣ ለመጠንከር ቀናት ይፈልጋል፤ ሙሉ ጥንካሬው የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። እንጀራ የሚፈልግ ቤት ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም። ስለዚህ ዛሬ ተለጥፎ ነገ እሳት የሚነድበት ሲሚንቶ ከጭቃው የተሻለ ውጤት ይሰጣል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል።

የመቀየር ወገን በዚህ ላይ ተመሥርቶ ይናገራል። አዲስ ምድጃ ከአንድ ቅርፅ ማውጫ የወጣ ስለሆነ ክፋዮቹ በደንብ ይጋጠማሉ፤ አፉ ልኩን የጠበቀ ነው፤ ከእሳቱ እስከ ምጣዱ ያለው ከፍታም ትክክል ነው። በየሳምንቱ ጭቃ የማቡካት ድካም ይቀራል። ይህ ድካም በአብዛኛው በሴቶች ትከሻ ላይ የሚወድቅና ማንም ዋጋ የማይተምንለት ሥራ ስለሆነ፣ «ጥገና ነፃ ነው» የሚለው አባባል ለእነሱ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ምድጃ ሠሪዎቹም በየከተማው በአነስተኛ ሥራ የተሰማሩ፣ ብዙዎቹ ሴቶች የሆኑ ሰዎች ናቸው። ገዢ ከጠፋ ሙያው ይጠፋል፤ ሙያው ከጠፋ ደግሞ የሚጠግንም አይገኝም።

የመቀየር ወገኖች ከሁሉ በላይ የሚያነሡት ጤናን ነው፤ ትክክልም ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ አየር ብክለት ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል። ከምድጃ አጠገብ ረጅም ሰዓት የሚቆዩት ሴቶችና የታዘሉ ሕፃናት ናቸው። ይህን ያወቀ ሰው፣ የሚያጨስ ምድጃን «ትንሽ ይቆይ» ሲባል ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ሆኖም የመቀየሩም ሐሳብ የራሱ ጉድለት አለው። አዲስ ሁሉ ደኅና አይደለም። አሸዋው ያልተመረጠ፣ ሲሚንቶው የተቆጠበ ወይም በቂ ውሃ ሳይጠጣ በፀሐይ የደረቀ ምድጃ ገና ሳይለመድ ሊነቃ ይችላል። ክፋዮቹ ከባድ ስለሆኑ ከከተማ ወደ ገጠር በአህያ ሲጓዙ የሚሰበሩም አሉ። ምጣድ ደግሞ የእጅ ሥራ ነው፤ ስፋቱ 60 ሳንቲሜትር አካባቢ ቢሆንም ከሠሪ ሠሪ ይለያያል። አዲሱ ምድጃ አሮጌውን ምጣድ ላይቀበል ይችላል፤ ያኔ ምጣድም መግዛት፣ በጎመን ዘር እያሹ እንደገና ማሟሸት ይመጣል። የጭሱንም ነገር በሐቅ ካየነው፣ ጭስ ማውጫ ቱቦ የሌለው አዲስ ምድጃ ጭሱን ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ከቤት አያስወጣም። ማገዶው እርጥብ ከሆነና መስኮት ከሌለ አዲሱም ያስለቅሳል። ጤናን የምናስብ ከሆነ ደረቅ ማገዶና አየር የሚያስገባ መስኮት ከሁለቱም ወገን ክርክር በፊት ሊቀድሙ ይገባል።

በዚህ መካከል ሦስተኛ ድምፅ ይሰማል፦ «የማገዶን ነገር ትቶ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ መሄድ ነው» ይላል። መብራት በማይቆራረጥበት ከተማ ይህ ሐሳብ ሚዛን ይደፋል ብዬ አስባለሁ። ነገር ግን መስመር ያልደረሰባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ የደረሰባቸውም ቢሆኑ ሊጡ ኩፍ ባለበት ቀን መብራት ሲጠፋ የሚመለሱት ወደዚያው የማገዶ ምድጃ ነው። የነገው ተስፋ የዛሬውን ስንጥቅ አይደፍንም።

ከውስጥ በሸክላ የተለበጡት ምድጃዎች ጉዳይ ትንሽ ለየት ይላል። የከሰሉ ላቀችም ሆነ የማገዶው ትክክል ውጫቸው ቆርቆሮ፣ እሳቱን የሚይዘው ውስጣቸው ሸክላ ነው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ሸክላው ነው፦ ወጥ ገንፍሎ ይፈስበታል፤ ማገዶ በኃይል ሲገባ ይመታዋል፤ ሲግልና ሲበርድ ይነቃል። ቆርቆሮው ካልዛገ ዕቃውን መጣል ያሳዝናል፤ ሸክላው ብቻ ቢቀየር ይበቃ ነበር። የመጠገን ወገን እዚህ ላይ በጣም ጠንካራ ነው። ግን ሸክላው ለብቻው ካልተሸጠ ጥንካሬው በወረቀት ይቀራል፤ ባለቤቷ ያላት አማራጭ ስብርባሪውን በጭቃ አያይዞ መታገስ ወይም ሙሉውን መግዛት ነው። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የማንኛቸውም ወገን አይደለም፤ ምርጫው አስቀድሞ ተወስኖባቸዋል።

እንግዲህ ወዴት እናጋድል? ሁለቱን ወገኖች ደጋግሜ ካዳመጥኩ በኋላ ጥያቄው ራሱ ትንሽ የተሳሳተ ይመስለኛል። «ምድጃው ይጠገን ወይስ ይቀየር?» ከማለት ይልቅ «የነቃው የትኛው ክፍል ነው? ሥራውስ ምንድን ነው?» ብሎ መጀመር ይሻላል። አንዳንዱ ክፍል ሥራው መዝጋት ነው፦ የግድግዳዎቹ መገናኛ፣ ምጣዱ የሚቀመጥበት ጠርዝ፣ ምድጃው መሬቱን የሚነካበት ዙሪያ። እነዚህ ሲላሉ ጭቃ ይበቃል፤ እንዲያውም ከሲሚንቶ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ምጣድ በተነሳ ቁጥር ሊነቀልና ሊታደስ ይችላል። ሌላው ክፍል ሥራው መሸከም ነው፦ ምጣዱንና ድስቱን የያዘው ግድግዳ። ይህ ከላይ እስከ ታች ከተሰነጠቀና ከተወዛወዘ ጭቃ አይሸከመውም፤ የፈላ ድስት ሰው ላይ ሊገለበጥ ይችላል። እንዲህ ያለው ክፋይ መቀየር አለበት፤ ግን የሚቀየረው እሱ ብቻ ነው።

ይህ መለያ ሁሉንም ጉዳይ ይፈታል አልልም። አንድ ክፋይ ይዘጋልም ይሸከማልም፤ ስንጥቁም ዛሬ ቀጭን ሆኖ ነገ ሊሰፋ ይችላል። የምጣዱ የራሱ ነገርም አለ። ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ያለባትን ምጣድ ለረጅም ጊዜ የሚጋግሩባት ሴቶች አሉ፤ ሊጥ መጥጣ እንጀራውን ስትይዝ ግን ጊዜዋ እንዳበቃ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። እዚህ ላይ ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ የጋጋሪዋ እጅ ይታመናል።

ለመለየት የሚረዱ ሁለት ሦስት ዘዴዎች ግን አሉ። አንደኛው ሲመሽ፣ ምድጃው በቀዘቀዘበት፣ ምጣዱን ጥዶ የእጅ ባትሪ አብርቶ በአፉ ማስገባትና ዙሪያውን ማየት ነው። ብርሃን የሚወጣበት ቦታ ሁሉ ሙቀት የሚወጣበት ነው። ጠማማ ስንጥቅ ብርሃን ሊደብቅ ስለሚችል እሳት ሲቀጣጠልም ጭሱ የሚወጣበትን መከታተል ያስፈልጋል። ሁለተኛው የውስጡን ግድግዳ በምስማር ጫፍ መጫር ነው፤ እንደ ደረቅ ቂጣ እየተፈረፈረ የሚረግፍ ከሆነ ልጥፍ አይይዝለትም። ሦስተኛው ማገዶውን መመዘን ነው። ለተመሳሳይ የእንጀራ ቁጥር የሚያስፈልገው ሸክም ከቀድሞው በግልጽ ከበዛ፣ ምድጃው ቆሞ ቢታይም ሥራውን ትቷል።

ለመጠገን የወሰነም ቢሆን መቸኮል የለበትም። ጥላሸቱ ይፋቅ፤ አመዱ ይጠረግ፤ ስንጥቁ በውሃ ይርጠብ። አፈሩ ይነፋ፤ ከደቃቅ የጤፍ ጭድ ጋር ይቦካና ጥቂት ቀን ይብላላ፤ ከዚያ በስሱ፣ በየተራ እየደረቀ ይመረግ። ድርቀቱ በጥላ ይሁን። የመጀመሪያው እሳት ትንሽ ይሁን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ይመስለኛል።

ከቤት ውጭ ላሉትም አንድ ቃል አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው የአገሪቱ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ዘጠኝ ሚሊዮን ያህል ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እንዲሰራጭ አቅዶ ነበር። ዕቅዱ መልካም ነው፤ ያለ ብዙ አዲስ ምድጃ የደንም የሳንባም ጉዳይ አይቃናም። ነገር ግን የተሰራጨ ምድጃ ብቻ ከተቆጠረ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ግድግዳው ነቅቶ ሶስት ጉልቻ የተመለሰበት ቤትም እንደ ተሳካ ይቆጠራል። ሠሪዎች አንድ ክፋይ ለብቻው ቢሸጡ፣ የቅርፅ ማውጫቸውን ልክ ባይለዋውጡ፣ ባለሙያዎችም የሸጡትን ምድጃ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ቢያዩ፣ የሁለቱ ወገኖች ክርክር ግማሹ ይቀላል። ገዢም ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «አንዱ ቢሰበር ለብቻው ትሸጪልኛለሽ?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው።

የአክስቴና የምድጃ ሠሪዋ ነገር በዚያው ቀን አላለቀም። ማታ ባትሪ አስገብተን ዙሪያውን አየን። ብርሃን በሦስት ቦታ ወጣ። ሁለቱ መገናኛዎች ነበሩ፤ ሦስተኛው ግን ከአፉ በስተግራ ያለው ግድግዳ ራሱ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ በምስማር ሲነካ ይረግፋል። በማግስቱ አክስቴ «ይህስ ይቀየር» አለች። ሠሪዋም ሌሎቹን ሦስቱን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ «እነዚህስ ገና ናቸው፣ እትዬ» አለቻት። አንዱ ግድግዳ ተገዛ፤ መገናኛው በተብላላ ጭቃ ተመረገ። አሮጌዎቹ ሦስት ግድግዳዎች ዛሬም ከአዲሱ ጋር ቆመው ያንኑ ምጣድ ተሸክመዋል።